ከሳሽ ያጣ ሕግ

ከማራኪ ግቢ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ የወጣ ወጣት በአካባቢ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ልሥራ ቢል ሩቅ አገር መሄድ አይጠበቅበትም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የመሬት ሕግን በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ነው፤ ይህን ዕውቀት ይዞ የት ይቆማል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጡ። የሁለተኛው አዋጅ አንቀጽ 11 በአገራችን ያልተለመደ በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ክስ ይመሠርታል። ችሎት ፊት «አንተን ምን አገባህ?» መባልን ለለመደ ጠበቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና በዚህ በር የገቡት በጣም ጥቂት ናቸው። ዘወትር የሚጠቀሰው አፓፕ የተባለው የመብት ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የያኔውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የከሰሰበት ጉዳይ ነው፤ ክሱ በ1999 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አገደ። እገዳው በ2011 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ በመካከሉ የተበተነ ባለሙያ ግን በአዋጅ አይሰበሰብም። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ከባለሥልጣን ወደ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ወደ ባለሥልጣን ሲዞር ኖሯል። አቤቱታ አቅራቢው መጀመሪያ ማወቅ የነበረበት የመሥሪያ ቤቱን ስም ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን የአካባቢ ሕግና የፕላን ሕግ ተለያይተው መኖራቸው ነው። ጎንደር በጣሊያን ዘመን በአርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ ማስተር ፕላን የተነደፈላት ከተማ ናት፤ ለፕላን እንግዳ አይደለችም። ዛሬ ከተሞች የሚመሩበት የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕዝብ በፕላኑ ላይ እንዲወያይ ያዛል። አዋጅ 299 በበኩሉ ከፕሮጀክቶች ሌላ ፖሊሲ፣ ስትራቴጂ፣ ፕሮግራምና ሕግ ጭምር ቀድመው እንዲገመገሙ ይፈልጋል። የከተማ ፕላን ግን በስም አልተጠራም። ታዲያ የአንድ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ተፅዕኖው መገመገም አለበት ወይስ የለበትም? ለማስተርስ ጥናት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማግኘት ይከብዳል።

ጥያቄው የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ አንገረብ ምስክር ነው። የጎንደር ነዋሪ የውኃ ችግርን ከማንም በላይ ያውቃል። ለከተማዋ ውኃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላ የመያዝ አቅሙን አሳንሶታል። አፈሩ የሚመጣው ከላይ ካለው ተፋሰስ ነው። ታዲያ ማን ይከሰስ? ቱቦ ዘርግቶ ቆሻሻ የሚለቅ ፋብሪካ የለም። ጉዳቱ የተጠራቀመው ከብዙ ትንንሽ የመሬት አጠቃቀም ውሳኔዎች ነው፤ ማረስ፣ መመንጠር፣ መሥራት። ብክለትን ብቻ የተማረ ጠበቃ ተከሳሽ ያጣል፤ ፕላንን ብቻ የተማረ ደግሞ የሚጠቅሰው መብት ያጣል።

ወደ ሰሜን ወጣ ቢባልም ያው ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ በ2017 ወጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ለዋልያው እፎይታ ነው። ለገበሬው ግን ጉዳዩ የዱር እንስሳት ሕግ፣ የገጠር መሬት ይዞታ፣ የካሳና የደባርቅ ከተማ ፕላን ጉዳይ ነበር። አራቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያማክረው ባለሙያ ስንት አለ?

በዚህ ዘርፍ የተማረው በአብዛኛው የሚፈለገው የተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ለማዘጋጀት ነው፤ ክፍያውን የሚፈጽመውም የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ሰውም እንጀራ ይበላል። ነገር ግን ከሰነዱ ማዶ ላለው ነዋሪም የሚቆም ያስፈልጋል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከላት አሏቸው። የማስተርስ ተማሪው ከመመረቂያ ጽሑፉ ጎን ለጎን አንድ የአንቀጽ 11 አቤቱታ ከነዋሪዎች ጋር አዘጋጅቶ፣ መዝገብ ቤት አስገብቶ፣ 30ውን ቀን ቢቆጥር የሚከለክለው ሕግ የለም።