ማሰናበት በምክር ስም

በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ አንዳንድ ወላጆች ለብቻቸው ይጠራሉ። ርዕሰ መምህሩ ኮሙኒኬሽን ቡኩን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል፤ «ትኩረት የለውም»፣ «ክላስወርኩን አልጨረሰም»፣ «እባክዎ ቤት ውስጥ ይርዱት» የሚሉ ቀይ ማስታወሻዎች ሞልተውታል። ከዚያ ድምፁን ያለሰልሳል። «የእገሌ እናት፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ እኛም እንወደዋለን። ግን እዚህ እየተጎዳ ነው። ለእሱ ዓይነት ልጆች የሚሆን ልዩ ትምህርት ቤት ቢፈለግለት ይሻላል።» እናትየው አመስግና ትወጣለች።

የሚገርመው ማመስገኗ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከፍላለች፤ ልጁ አላነበበም፤ አሁን ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በእጥፍ ዋጋ፣ እንድትከፍል ተነግሯታል። «ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ልዩ ትምህርት ቤት ነው የሚያዋጣው» የሚለው አነጋገር በሐኪም ቤት ኮሪደርም በሠርግ ድንኳንም ስለሚሰማ፣ ማባረሩ እንደ አሳቢነት ተቆጥሮ ያልፋል።

ትምህርት ቤቶቹ እንዲህ የሚያደርጉበት ምክንያት ስውር አይደለም። የግል ትምህርት ቤት በውጤት ይነግዳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር፣ «ተማሪዎቻችንን በሙሉ አሳልፈናል» የሚል ባነር በር ላይ መስቀል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ካርዱ ላይ «ከ42 ተማሪዎች 41ኛ» ተብሎ የሚጻፍለት ልጅ ደግሞ ለባነሩ አይመችም። የ4 ዓመት ሕፃን እየፈተነ የሚቀበል፣ በየክፍሉ እያጣራ የሚያሰናብት ተቋም በተረፉት ልጆች ውጤት ቢኩራራ ምን ያስደንቃል? መልምሎ ማስቀረት ማስተማር አይደለም።

ለመሆኑ የልጁ ችግር ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ማንም አልመረመረውም። ንባብን እንውሰድ። የአማርኛ ገበታ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት፣ በጠቅላላው 231 ቅርጾች አሉት። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለያት ቀኝ እግሯ ላይ ያለችው ሰረዝ መሃል ወይስ ታች መሆኗ ነው፤ «ነ»ንም «ኘ» የሚያደርጋት አናቷ ላይ የተጫነች ጭረት ናት። ዲስሌክሲያ ላለበት፣ ማለትም አእምሮው ሳይደክም ድምፅን ከፊደል ማዛመድ ብቻ ለሚቸግረው ልጅ፣ ይህ ጊዜ ይፈልጋል። የአማርኛ ደግነቱ ግን አንዴ የተማሩት ፊደል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ መነበቡ ነው።

የከተማው የግል ትምህርት ቤቶች ግን ይህን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ከእንግሊዝኛ ጋር ያፋጥጡታል፤ አንዱ የፊደላት ጥምር አንዴ «ኦ»፣ አንዴ «ኡ»፣ አንዴ «አፍ» ተብሎ ከሚነበብበት ቋንቋ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን አንባቢዎች አነጻጽሮ ነበር። በአእምሯቸው ውስጥ የታየው ልዩነት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ አጻጻፉ ወጥ በሆነው በጣሊያንኛ ያደጉት ከሌሎቹ የተሻለ አንብበዋል። እንግዲህ በቤቱ የማይነገረውን፣ አጻጻፉም እጅግ የተዘበራረቀውን ቋንቋ መጀመሪያ አሸክሞ፣ ልጁ ሲንገዳገድ «ልዩ ፍላጎት አለው» ማለት በማን ላይ መፍረድ ነው?

ሌላም ቁጥር አለ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጅ አንዱ ልዩ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል የሚል ሰው ካለ ይምጣ። አብዛኞቹን የጎዳቸው የንባብ አስተማሪ ማጣታቸው ነው። ከመካከላቸው ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ለይቶ ማወቅ የሚቻለውም ሁሉም በደንብ ከተማሩ በኋላ ነው፤ አሁን ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

ይህ ሁሉ ሲባል ልዩ ማዕከላትን ማጣጣል ነውር ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ ከእርሱም በኋላ በወላጆች ጥረት የቆመው ነህምያ፣ ቤት ተዘግቶባቸው ይኖሩ ለነበሩ ልጆች በር ከፍተዋል። የከባድ ኦቲዝም እንክብካቤ በ40 ልጆች ክፍል ውስጥ አይሰጥም። ነገር ግን ቀስ ብሎ ከማንበብ በቀር እንከን የሌለበትን ልጅ ወደዚያ መግፋት ሁለት ልጆችን ይጎዳል፤ ያለቦታው የተላከውንና ቦታውን የሚጠብቀውን። በዚህ መሃል ደግሞ ታፔላው ላይ «ልዩ ፍላጎት» ጽፎ፣ ከልጁ ጎን የሚቀመጥ ሻዶ ቲቸር ቀጥሮ ክፍያውን የሚያንር ቤት ይገኛል። ወላጅ የቀለሙን ማማርና የአሻንጉሊቱን ብዛት አይቶ ይመዘገባል፤ ንባቡን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሰለጠነ አይጠይቅም።

ልዩ ትምህርት ቤት መልካም ሲሠራ ምን እንደሚመስል የየትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ ያሳያል። በልጅነቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከዚያ ወጥታ አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቀጠለች፤ ቆይቶም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። አዳሪው ትምህርት ቤት ያስፈለጋትን መሣሪያ፣ ብሬልን፣ አስጨብጦ ለቀቃት። ልጆቻቸውን ዛሬ ልዩ ቤት የሚያስገቡ ወላጆች ስንቶቹ «መቼ ይወጣል?» ብለው ይጠይቃሉ? ስንቱስ ቤት መልስ አለው?

«መደበኛው ክፍል ውስጥ ይሾፍበታል፣ ይቀጠቀጣል» የሚል ወላጅ እውነቱን ነው። እንዲህ ሲሆን ልጅን ማውጣት ግዴታ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያኔ እየተሸሸ ያለው ጉልበተኛው ክፍልና ዝም ያለው መምህር ስለሆነ፣ በልጁ ላይ ስም መለጠፍ አያስፈልግም።

ሕጉም ማግለልን አይደግፍም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ደግሞ ማንም ልጅ በአካል ጉዳት ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ያዛል። ብዙው ድጋፍ ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም፦ የፊት ወንበር፣ በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ የሰማውን በቃሉ እንዲመልስ መፍቀድ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ፊደልን ከድምፅ ጋር እያዛመዱ መለማመድ።

ስለዚህ የተጠራችው እናት ከማመስገኗ በፊት አንድ ነገር ብትጠይቅ ጥሩ ነው፤ ምክሩ በደብዳቤ ይሰጣት። ልጁ ምን እንደቸገረው፣ ማን እንደመረመረው፣ በዓመቱ ውስጥ ምን ምን ድጋፍ ተሞክሮ ምን ውጤት እንደታየ፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ተጽፎ። በቃል የሚሰናበት ልጅ ብዙ ነው፤ በማኅተም የሚያሰናብት ርዕሰ መምህር ግን አይበዛም። ወረቀቱ ነገ ለከተማው ፈቃድ ሰጪ ባለሥልጣን ሊቀርብ እንደሚችል ያውቃላ።