ደም ከባልም ይቀዳ

አምቦ ወይም ጉደር ገበያ ላይ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን ያነሳል፣ ጀርባዋን ይዳብሳል። ትወልዳለች ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም። ከፈረስ እናቷ 32፣ ከአህያ አባቷ 31 ክሮሞዞም ወርሳ 63 ይዛለች። እንቁላል ሲሠራ ክሮሞዞሞች እንደ እርሻ በሬ ጥንድ ጥንድ ሆነው መጠመድ አለባቸው፤ የእሷዎቹ ግን በቁጥርም በአሰላለፍም አይገጥሙም። ጥማዱ ይፈርሳል።

የሰው ነገር እንዲህ የከፋ አይደለም። ይሁን እንጂ የመጠመዱ ሕግ ለሰውም ያው ነው። የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑን ጆ ሂን ቺዮና አልበርት ሌቫን ከስዊድን ሉንድ ያሳወቁት በ1956 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ የሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ቦታ ተለዋውጦ ይገኛል። ከ1,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ደግሞ ሁለት ክሮሞዞሞች ተጣብቀው ቁጥሩ 45 ይሆናል። ባለቤቱ ጤነኛ ነው፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ያስተምራል፤ የሚያውቀው ነገር የለም።

አንድ አባወራ ሁለት ጆንያ ጤፍና ሁለት ጆንያ ስንዴ አለው እንበል። ከአንዱ ጤፍ ጥቂቱ ወደ አንዱ ስንዴ፣ ከስንዴውም ወደ ጤፉ ተገለበጠ። ከቤቱ የጎደለ እህል የለም። ለልጁ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ጆንያ ስንዴ ሲያካፍል ግን ነገሩ ይለያል። ሁለቱም የተቀላቀሉት ወይም ሁለቱም ንጹሖቹ ከደረሱት ልጁ ሙሉ ድርሻውን አገኘ፤ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ከሆነ ግን አንዱ እህል ይተርፋል፣ ሌላው ይጎድላል። የክሮሞዞም ድርሻው እንዲህ የተዛባ ፅንስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይወርዳል።

አንዴ ሲወርድ ጎረቤት ያጽናናል። ሦስተኛው ላይ ሾተላይ ይባላል፤ ጠበል ይጀመራል፣ አማት ፊት ታዞራለች። በአማርኛ መካን፣ በኦሮምኛ መሴና የሚለው ስም የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ቤተሰቡም እንደዚያው የአባትን ወገን ዘሎ ያልፋል። ይህ ትልቅ በደል ነው። ፅንስ ደጋግሞ ከሚወርድባቸው 100 ጥንዶች ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ የክሮሞዞም ለውጡ ከሁለቱ በአንዳቸው ይገኛል፤ ያ አንዱ ባልየው ሊሆን ይችላል። በወንዱ ላይ ለውጡ የዘር ሴሎቹን ቁጥር ሊያሳንስም ይችላል። በቀሩት ጥንዶች ምክንያቱ ሌላ ነውና የክሮሞዞም ምርመራ ለሁሉም መልስ አይሰጥም፤ ሴቷን ብቻ መርምሮ መፍረድ ግን ለማንም መልስ አይሆንም።

ምርመራው ከክንድ የሚቀዳ ጥቂት ደም ነው። ላቦራቶሪው ነጭ የደም ሴሎቹን ለሦስት ቀን ያህል እያቆየ እንዲከፋፈሉ ያደርጋል፤ የሚቀሰቅሳቸው ንጥረ ነገር የሚወጣው ከቀይ ቦሎቄ ነው። ማቅለሚያው ጊምሳም እንግዳ አይደለም፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ወባ ለማየት ስላይድ ላይ የሚያፈሰው ነው። ሴሎቹ በሕይወት መድረስ ስላለባቸው ደሙ መንገድ ላይ መዋል ማደር የለበትም። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ባልና ሚስት አብረው ሄደው ቢሰጡ ይሻላል።

ለውጡ ተገኘ ማለት ተስፋ ተቆረጠ ማለት አይደለም። ከእነዚህ ጥንዶች ብዙዎቹ ያለ ልዩ ሕክምና፣ ከአንድ ሁለት ውርጃ በኋላ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። እርዳታ ለሚሹትም በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል።

ተሸካሚው ባልየው ሆኖ ለውጡን ከወላጁ የወረሰው ከሆነ፣ ወንድሞቹና እህቶቹም እያንዳንዳቸው የመውረሳቸው ዕድል ግማሽ ያህል ነው። ጊንጪ ያለው የወንድሙ ሚስትም ሁለት ፅንስ ወርዶባት ለማንም ሳትናገር ተቀምጣ ይሆናል።