«ቀላሽ!» መባባል ይብቃን

ሁለት ሴቶች ከወር በኋላ ሲገናኙ ከጤና ይስጥልኝ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? «ውይ፣ ቀላሽ! ምን ተቀባሽ?» ሙገሳ መሆኑ ነው። የተሞገሰችው ትሽኮረመምና የቅባቱን ስም ታንሾካሹካለች፤ ሌላይቱ በነጋታው ገዝታ ትገባለች። ፊት የሚያቀላው ቅባት ማስታወቂያ ሳይወጣበት፣ ሐኪም ሳያየው ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት የሚዛመተው እንዲህ ነው። በአፋችን ያሰራጨነውን በአፋችን እንመልሰው!

የጥር ሠርግ ሲቃረብ ገበያው ይደራል። ሙሽራዋን በሁለት ሳምንት ያቀላል ተብሎ የሚሰጣት ክሬም ክሎቤታዞል የተባለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖርበት ይችላል። ክሎቤታዞል ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ክፉነቱ መጀመሪያ ላይ ማማሩ ነው። የቆዳ ቁጣን የሚያስታግስ በመሆኑ ፊቷ ቶሎ የሚቆጣባት ሴት «ተመስገን፣ ይኼስ ተስማማኝ» ትላለች። ወራት ሲያልፉ ቆዳዋ ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ፊቷ ላይ ይወጣሉ፣ ብጉሩም ይፈላል። ላቁም ስትል ፊቷ በርበሬ እንደነካው ይለበልባታል፤ ያንን ለማብረድ ወደዚያው ክሬም ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ የምትቀባው ለመቅላት አይደለም፣ እንዳያቃጥላት ነው።

ሃይድሮኪኖንም አለ። ሐኪም ለማድያት በልክና በጊዜ ገደብ ያዝዘዋል። ያለ ተቆጣጣሪ ለዓመታት ሲቀቡት ግን አንዳንዱ ፊት ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ይጥላል፤ ያን ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለመቅላት ተጀምሮ በመጥቆር ያልቃል ማለት ነው።

የባሰው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከእናት ጉንጭና ከጋራ ፎጣ ወደ ሕፃን ይሻገራል። ዕቃው ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ ወይም ሜርኩሪዮ የሚል ቃል ካያችሁ አትንኩት። አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ወርቅና ብር እንዳይነካው ተጠንቀቁ» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ይህም የሜርኩሪ ምልክት ሊሆን ይችላል። እስቲ አስቡት፣ ሙሽራዋ የአንገት ወርቋን አውልቃ ፊቷን ትቀባለች!

ይህን ነገር ተባብረው ያሸነፉ ሰዎች አሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሐኪሞች ከፀረ አፓርታይድ ታጋዮች ጋር ሆነው ለዓመታት ጮኹ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ቅባት አስወጣ፤ ያነጣል፣ ያቀላል የሚለው ቃል እንኳ በመዋቢያ ማስታወቂያ እንዳይውል ከለከለ። በሚኔሶታ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ግዛት፣ ትውልደ ሶማሊያዊቷ የጤና ባለሙያ አሚራ አዳዌ ከአጋሮቿ ጋር ከ20 ሺህ በላይ ፊርማ ይዛ አማዞን ደጃፍ ቆመች፤ ኩባንያው በ2019 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ ያለባቸውን 15 ቅባቶች ከገበያው አነሣ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜርኩሪን የሚገታው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ለማስቀረት ተስማሙ። ውሳኔው ጄኔቫ ላይ ጸደቀ፤ ብልቃጡ ግን ያለው እኛ መስታወት ፊት ነው።

የፀጉር ቤት ባለሙያዎች፣ ደንበኛ ሚስጥሯን የምታወራው ለእናንተ ነው። ስያሜ በሌለው ብልቃጥ ተደባልቆ የመጣ ቅባት ከመደርደሪያችሁ አውርዱ፤ ጎረቤታችሁም እንድታወርድ ንገሯት። ኮስሞቲክስ ቤት ያላችሁ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን አትረከቡ። ፋርማሲስቶች፣ ክሎቤታዞልን ያለ ማዘዣ አትስጡ። ሚዜዎች፣ ሙሽራችሁን «ትንሽ ቅዪ» አትበሏት፤ ጠይም ሙሽራ ምን ጎደላት? የሴቶች ማኅበር ያላችሁ አንድ የወር ስብሰባችሁን ለዚህ ስጡ፤ እያንዳንዷ የምትቀባውን ይዛ ትምጣ፣ አብራችሁ አንብቡ። የተጠረጠረውንም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጋራ ፈርማችሁ አመልክቱ።

የተቀባችውን ግን አታሳፍሯት። ካፈረች ትደብቃለች። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የተቀባችውን «ዛሬውኑ ጣይው» ማለትም ሊጎዳት ይችላል፤ አብራችኋት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማድያት ወይም የብጉር ጠባሳ የሚያሳስባት ሴትም መብቷ ነው፣ ፊቷ ነው። እሷ የየዕለት ሰንስክሪን ትጀምር፣ ሐኪሟን ስለ አዜላይክ አሲድና ስለ ኒያሲናማይድ ትጠይቅ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነችም አስቀድማ ትንገረው። አዲስ ነገር ስትጀምር ከክንዷ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብታ ሁለት ቀን ትጠብቅ። ለውጡ ወራት ይፈጃል፤ በሳምንት አቀላለሁ የሚላትን ትሽሽ። ፊት ላይ የሚቀቧቸው ሎሚና የጥርስ ሳሙናም ለምግብና ለጥርስ ይቅሩ።

ዛሬ ማታ የምትቀቡትን ብልቃጥ ገልብጣችሁ አንብቡ። ምን እንዳለበት ካልተጻፈ ነገ ይዛችሁት ወደ ገዛችሁበት ሂዱ፤ ብቻችሁን ግን አትሂዱ።