ለደም ምርመራው አስተርጓሚ ይቅደም

በእርግዝና ወቅት ሽፍታ ሳይኖር መዳፍንና ውስጥ እግርን የሚያሳክክ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም የጉበት መታወክ ምልክት ሊሆን ይችላል። አደጋውን የሚለየው በደም ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት የታተመ ጥናት፣ መጠኑ በሊትር 100 ማይክሮሞልና ከዚያ በላይ ሲደርስ ፅንሱ በማሕፀን ሳለ የመሞቱ ዕድል ከ3 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ምርመራው ግን በመደበኛው ክትትል አይካተትም፤ የሚታዘዘው እናቲቱ ማሳከኩን ስትናገር ነው። ስለዚህ በአርችዌይ፣ በዊቲንግተን ሆስፒታል ለምትከታተል አማርኛ ተናጋሪ እናት አስተርጓሚ የምርመራው አካል ነው። የናይስ የ2021 መመሪያም አስተርጓሚው ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዳይሆን ይመክራል። ምክር ያለ በጀት ከወረቀት አያልፍም። የፓርላማ አባላት ለእያንዳንዱ የእርግዝና ቀጠሮ ገለልተኛ አስተርጓሚ መመደብን በሕግ ግዴታ ያድርጉ፤ ገንዘቡንም ያጽድቁ።