ማይግሬን፣ ሩቅያ እና ባዮፊድባክ፦ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያወጣም



ለሩቅያ ወደ መስጂድ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ሕመም አለ፤ ግማሽ ጭንቅላትን ቀስፎ የሚይዝ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ የሚያስመልስ ራስ ምታት። ሐኪሞች ማይግሬን ይሉታል። ሰፈር ግን «ዐይን ነው»፣ «ጂን ነው» ብሎ ይደመድማል።

ቁርኣን ሺፋ ነው፣ ሩቅያም ሐቅ ነው። ነገር ግን ራስ ምታትን ሁሉ ለጂን መስጠት ዲናችን ያላለውን ማለት ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በዐረብኛ ሸቂቃ የሚባለው የግማሽ ራስ ሕመም ይዟቸው፣ በኢሕራም ላይ ሳሉ ጭንቅላታቸው ላይ ሒጃማ እንደተደረገላቸው ሶሒሕ አል‑ቡኻሪ ዘግቧል። ታመሙ፣ ታከሙም።

ዛሬ ካሉት ሕክምናዎች አንዱ ባዮፊድባክ ነው። ስሙን ሲሰማ ድግምት ወይም የሌላ እምነት ተመስጦ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ጣት ላይ የቆዳን ሙቀት፣ ወይም ግንባር ላይ የጡንቻን ውጥረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይለጠፋል። ሰው ሲጨነቅ የጣቱ ደም ስሮች ይጠባሉ፣ እጁ ይቀዘቅዛል፤ ሲረጋጋ ይሞቃል። ታካሚው ቁጥሩን ስክሪን ላይ እያየ ሰውነቱን ማላላት ይማራል። ከተወሰኑ ልምምዶች በኋላ ያለ መሣሪያው ይችለዋል። የሚዋጥ ነገር የለም፤ የሚደገም ቃልም የለም።

ዘዴው ለማይግሬን የተሞከረው በአሜሪካ ካንሳስ፣ በሜኒንገር ተቋም ሲሆን የመጀመሪያው ውጤት የታተመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2007 የ55 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ሕመሙን በመካከለኛ ደረጃ እንደሚቀንስና ጥቅሙም ከዓመት በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። ፈውስ ነው አልተባለም፤ መከላከያ ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አያስቆምም።

ለምን ይጠቅመናል? አንደኛ፣ ብዙዎቻችን ማስታገሻ እንደ ከረሜላ እንውጣለን። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በወር 10 ወይም 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሁለተኛ፣ ረመዳን አለ። ረሃብ፣ የእንቅልፍ መዛባትና የቡና መቋረጥ ማይግሬን ይቀሰቅሳሉ። ቀን ላይ ኪኒን አይዋጥም፤ ትንፋሽን ማርገብ ግን ፆም አያፈርስም። ስለዚህ ልምምዱ ከረመዳን በፊት ቢጀመር መልካም ነው። ሕመሙ ከጠና ደግሞ አላህ ለታማሚ ሩኽሳ ሰጥቷል፤ አፍጥሮ ቀዷ ያወጣል።

ማሽኑ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ቀስ ብሎ በሆድ መተንፈስ፣ መንጋጋንና ትከሻን ማላላት ግን ያለ ማሽንም ይለመዳል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ከአንደበት መተሳሰርና ከእጅ እግር መዛል ጋር የመጣ ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ሆስፒታል ሂዱ።

ለኡስታዞቻችንና ለሩቅያ አድራጊዎች ያለኝ አደራ አንድ ነው፤ ቀርታችሁ ስታበቁ «ሐኪምም ዘንድ ሂድ» በሉት። ይህ ቃል የታማሚውን ኢማን አይቀንስም፤ ዓመታት ከሚፈጅ ስቃይ ግን ሊያድነው ይችላል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ። ወላሁ አዕለም።