ኩላሊት ከደከመ በኋላ ድምፅ ማጉያ

ደሴ ፒያሳ ሻይ ይዛችሁ ስትቀመጡ ያቺን መኪና ሳታዩአት አትቀሩም። ጎኗ ላይ ትልቅ ፎቶ፣ ጣራዋ ላይ ድምፅ ማጉያ፣ ከኋላዋ ካርቶን የያዙ ልጆች። «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ ወገን ድረስለት!» እኛም እንደርሳለን። አሥር ብር ጣል እናደርግና አንዱ «አላህ ያሽረው»፣ አንዱ «እግዜር ይማረው» ብሎ ወደ ሻያችን እንመለሳለን። ከመካከላችን ካርቶን ይዘን የዞርንም አለን፤ ስለዚህ ዛሬ የምንወቅሰው ራሳችንንም ጭምር ነው።

ጥያቄያችን አጭር ናት። ያ ሰው የስኳር ሕመምተኛ ከነበረ፣ ፎቶው መኪና ላይ ከመለጠፉ በፊት ዓመታት ነበሩት። በእነዚያ ዓመታት ሽንቱን ማን አየለት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ አያሳምምም። ወገብ አይቆርጥም፣ ሽንት አያቃጥልም። እግር ሲያብጥና ምግብ ሲያስጠላ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሩቅ ሄዷል። ቀድሞ የሚያጋልጠው ወደ ሽንት የሚያፈሰው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው። ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ የኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ እስኪሄድ ድረስ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱም ምርመራዎች ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ መደረግ ያለባቸው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። የአንድ ጓደኛችን አባት ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቀጠሮ ሐረጎን ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ጣታቸው ይወጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሜትፎርሚን ይሰጣቸዋል፣ በቃ። «ሽንትዎን አስመርምረው ያውቃሉ?» ብንላቸው «ሽንቴ ምን ሆነና፣ ልጆቼ?» አሉን። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግሞ ዳይክሎፌናክ ያለ ማዘዣ ገዝተው ይውጣሉ። ያቺ ክኒን የደከመ ኩላሊትን የበለጠ እንደምታደክም የነገራቸው የለም።

መድኃኒቱ ብርቅ ቢሆን ኖሮ አፋችንን እንይዝ ነበር። ግን ኢናላፕሪል ስንት ዘመኑ ነው? የቅርብ ዘመዱ ሎሳርታን ስኳር ባለባቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ፣ ወደ እጥበት የሚያደርሰውን ድካም በ28 በመቶ እንደሚቀንስ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ወገን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካናግሊፍሎዚን፣ በ2020 ዳፓግሊፍሎዚን የኩላሊትን ውድቀት እንደሚያዘገዩ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ይህን ወገን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ሕንድ ውስጥ የዳፓግሊፍሎዚን ፓተንት በ2020 ስላበቃ ብዙ ፋብሪካዎች በርካሽ ማምረት ጀመሩ። እኛ ኮምቦልቻ አንድ መድኃኒት ቤት ገብተን ብንጠይቅ ሻጩ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገመን። (ማንም ይህን አንብቦ ራሱ እንዳይጀምር! ትእዛዙ የሐኪም ነው፤ ኢናላፕሪልም ቢሆን ከተጀመረ በኋላ የደም ክትትል ይፈልጋል።)

«ጦርነቱስ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው፣ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ የስንቱ ክትትል ተቋርጧል። ይህን ሰበብ ነው አንልም። ግን ከጦርነቱ በፊትስ ሽንት ይታይ ነበር? «ሪኤጀንት የለም» የሚለው መልስ ከጦርነቱም ይቀድማል።

የሚያበሳጨን የሒሳቡ ነገር ነው። እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል፣ ዕድሜ ልክ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ፣ ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በቀር፣ እጥበትን አልሸፍንም ብሎ ነው የወጣው። ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ለዚያ ግን ኩላሊቱን የሚሰጥ ዘመድ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደግሞ ሲጀመር ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ አፍንጫችን ሥር ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። እጥበቱ ከአቅም በላይ የሆነበት አገር ለሽንት ምርመራ ከማንም ቀድሞ መሮጥ አልነበረበትም?

ስለዚህ የምንጠይቀው፦ የስኳር ክትትል ባለበት ሁሉ ሽንትና ክሬቲኒን በዓመት አንዴ ይታይ፤ ውጤቱ ለሕመምተኛው በእጁ ይሰጠው። እኛ ጎረምሶች ደግሞ በዚያችው መኪና፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ከሙጋድ እስከ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ «ስኳር ያለባችሁ፣ ሽንታችሁን አስመርምሩ!» እያልን እንዙር። ናፍጣው ያው ነው።

የጓደኛችን አባት ባለፈው ወር ተመረመሩ። አልቡሚን ተገኘ። ኢናላፕሪል ጀምረዋል። ዳይክሎፌናኩን ግን ትናንት ከትራሳቸው ሥር አገኘነው።