የሚዘል ደጋፊ፣ የዛገ ፌሮ

እ.ኤ.አ ኖቬምበር 25 ቀን 2007 በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ ፎንቴ ኖቫ ስታዲየም ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተመልካች ገብቷል። በሶስተኛ ዲቪዚዮን ሲማቅቅ የከረመው ባሂያ ከቪላ ኖቫ ጋር 0ለ0 ላይ ነው። ለባሂያ ግን ይቺ አቻ ውጤት ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለመውጣት ትበቃዋለች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደጋፊው በደስታ መዝለል ያዘ። በላይኛው ፎቅ ላይ ከእግራቸው ስር የነበረው ኮንክሪት ተደረመሰና እዚያ የቆሙት ቁልቁል ወረዱ። ሰባት ሰዎች ሞቱ።

ስታዲየሙ የተከፈተው በ1951 ሲሆን ላይኛው ፎቅ የተጨመረው በ1971 ነው። በዚያው በ2007 የብራዚል የአርክቴክቸርና የምህንድስና ድርጅቶች ማኅበር ስታዲየሞችን ተዘዋውሮ አይቶ ፎንቴ ኖቫን ከሁሉም የከፋ ብሎት ነበር። ይህ እየታወቀ ነው ትኬት የተሸጠው።

ለመሆኑ ኮንክሪት እንዴት ያረጃል? ውሃ በስንጥቁ ይገባና ውስጡ ያለው ፌሮ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ሌላ ውሃ ይገባል። ከላይ ቀለም የተቀባ እንደሆነ ደግሞ ማንም አያይም። በፎንቴ ኖቫ የሆነው ይኸው ነው፤ ለዓመታት የሰረገ ውሃና የተበላ ፌሮ።

በዚህ ላይ ዝላይ ይጨመራል። ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ክብደቱን ብቻ ነው የሚጭነው። የሚዘል ሰው ግን መሬት በነካ ቁጥር የክብደቱን ሁለትና ሶስት እጥፍ ያሳርፋል። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ቢዘል ምቱ ይበታተናል፤ ከበሮና ዜማ ሲኖር ግን ሺው ሰው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እኩል ይወርዳል። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጊዜውን ጠብቆ ከተገፋ ትንሽ ግፊት ሩቅ ይወስዳል። ትሪቡንም የራሱ መወዛወዣ ምት አለው። የደጋፊው ዝላይ ከዚያ ምት ጋር ከገጠመ መንቀጥቀጡ እያደገ ይሄዳል።

እርጅና ብቻ ነው ጥፋተኛው እንዳንል ደግሞ የሆላንዱ ኒሜገን አለ። ኦክቶበር 17 ቀን 2021 ቪተስ ኤንኢሲን 1ለ0 አሸንፎ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ከተጫዋቾቻቸው ጋር ሲጨፍሩ የቆሙበት ትሪቡን ቁልቁል ተቀመጠ። ስሩ የነበረ ኮንቴይነር ደገፈውና አንድም ሰው አልተጎዳም። ተአምር ነው! የጎፈርት ስታዲየም የድሮ ቢሆንም ትሪቡኖቹ እንደ አዲስ ከተሠሩ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበራቸው። ኮንክሪቱ እኩል የሚዘልን ሕዝብ የሚችል አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ካፍ በ2021 የባህር ዳር ስታዲየምን ካገደ በኋላ ዋሊያዎቹ ጋናን ጆሃንስበርግ፣ ግብጽን ደግሞ ሊሎንግዌ ላይ «በሜዳቸው» አስተናግደዋል። ያኔ በየካፌው ሲወራ የነበረው ስለ ሳሩ፣ ስለ መልበሻ ክፍሉ፣ ስለ ወንበሩ ነው። ስለ ትሪቡኑ ፌሮ ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። የአዲስ አበባ ስታዲየም የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደ ነው፤ ከካታንጋ እስከ ሚስማር ተራ ስንት ትውልድ ዘሎበታል። ወንበር መግጠምና ቀለም መቀባት እድሳት ይባል ይሆናል። እኔ ግን ትኬት ቆርጬ ከመግባቴ በፊት መሐንዲስ ኮንክሪቱን ቆርቁሮ ምን እንዳገኘ፣ ስንት የሚዘል ሰው ይችላል እንዳለ ተጽፎ ባነብ እመርጣለሁ።

ፎንቴ ኖቫን በ2010 በፈንጂ አፈረሱት። በቦታው የተሠራው አዲሱ ስታዲየም በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ሆላንድ ስፔንን 5ለ1 ስትረታ ያየነው ነው።